አንድ ሻንሲ፣ ብዙ ስም

ከጎንደር ተነስቶ ዳባትን አልፎ ደባርቅ መናኸሪያ የሚገባው ቅጥቅጥ ስለ መኪና ኢንዱስትሪ ብዙ የሚያስተምር ተሽከርካሪ ነው። ከተሳፋሪው ወለል በታች ያለው ሁሉ፣ ሻንሲው፣ ሞተሩ፣ ካምቢዮው፣ ዲፈረንሻሉና ባሌስትራው፣ የጃፓኑ አይሱዙ ሥራ ነው። ከወለሉ በላይ ያለው ላሜራ፣ መስኮት፣ ወንበርና የጣሪያ ዕቃ መጫኛ ግን እዚሁ አገር ውስጥ ተቀጥቅጦ፣ ተበይዶና ተቀብቶ የተገጠመ ነው። ከመናኸሪያው ወጣ ብሎ እህል የሚያራግፈው የጭነት አይሱዙ ከዚህ ቅጥቅጥ ጋር የአንድ ሻንሲ ልጅ ነው፤ ለአንዱ ወንበር ተደረደረለት፣ ለሌላው ስፖንዳ ቆመለት።

ዝምድናው ባሕርም ይሻገራል። እኛ ኤንፒአር የምንለው የአይሱዙ ቤተሰብ በጃፓን ኤልፍ ይባላል፤ የኒሳን ዓርማ ተለጥፎበት አትላስ፣ የማዝዳ ዓርማ ተለጥፎበት ታይታን እየተባለም ተሽጧል። ሾፌሩ የሚይዘው መሪ፣ መካኒኩ የሚፈታው ሞተር ያው ሆኖ ስሙ አራት ነው።

ይህን የአይሱዙ ጉዳይ የያዘ አንባቢ የቤንትሌይ፣ የፖርሽና የሌክሰስ ነገር አይከብደውም። በዓለም ላይ እጅግ ውድ ከሚባሉት መኪኖች ብዙዎቹ የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው። የቤንትሌይ ቤንታይጋ፣ የላምቦርጊኒ ኡሩስ፣ የፖርሽ ካየን፣ የአውዲ ኪው7 እና የቮልስዋገን ቱዋሬግ፣ አምስቱም የአንድ የጀርመን ቡድን ልጆች ናቸው፤ ከሥራቸው ያለው መሠረትም አንድ ነው። በዋጋ ግን አንዱ ቤንታይጋ ሁለትና ከዚያ በላይ ቱዋሬግ ይገዛል። ታዲያ ገዢው የሚከፍለው ለምንድን ነው? ለስሙ ብቻ ነው ወይስ ስሙ በእውነት የጨመረው ነገር አለ? ይህ ጽሑፍ የሚመልሰው ይህን ጥያቄ ነው። የኔን አቋም ከመነሻው ልናገር፦ መሠረት መጋራት በራሱ ማታለል አይደለም። ማታለል የሚሆነው አምራቹ ከዓርማ በቀር ሳይጨምር ዋጋ ሲጨምር፣ ወይም ስሙ የገባውን ቃል መሠረቱ ሊሸከመው ሳይችል ሲቀር ነው። (በጽሑፉ ውስጥ ዓመተ ምሕረት ተብሎ ካልተገለጸ በስተቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፕላትፎርም ሲባል

የመኪና ሰዎች ፕላትፎርም የሚሉትን የጋራ መሠረት ብዙዎቻችን ሻንሲ ብቻ አድርገን እናስበዋለን። በጭነት መኪናና በላንድክሩዘር ዓይነቱ ተሽከርካሪ ነገሩ በእርግጥ ወደዚያ ይቀርባል። ሁለት ረጃጅም ወፍራም ብረቶች ከፊት እስከ ኋላ ተዘርግተው በአግድም ብረቶች ይያያዛሉ፤ ሞተሩም፣ እግሩም፣ ቦዲውም በዚያ ላይ ይታሰራል። ቦዲውን አንስቶ ሌላ መጫን የሚቻለው፣ ቅጥቅጥም የተወለደው፣ በዚህ ምክንያት ነው።

በከተማ አውቶሞቢል ግን ለብቻው የቆመ ሻንሲ የለም። ወለሉ፣ ጎኑና ጣሪያው በአንድነት ተበይደው ሸክሙን ይካፈላሉ። እዚህ ላይ ፕላትፎርም ማለት ወለሉ፣ ሞተሩን ከሾፌሩ ክፍል የሚለየው ግድግዳ፣ ሞላና አሞርዛተር የሚታሰሩባቸው ነጥቦች፣ የመሪው አሠራር፣ በግጭት ጊዜ ጉልበቱን የሚውጠው የፊት ብረት፣ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ የኤሌክትሪክ ሽቦውና የኮምፒውተሩ አደረጃጀት ነው። ቮልስዋገን በ2012 ኤምኪውቢ የተባለውን መሠረት ሲያወጣ ቋሚ ያደረገው አንድ ልኬት ነበር፤ ከፊት እግር እስከ ሾፌሩ ፔዳል ያለውን ርቀት። ሌላው ሁሉ ሊረዝምና ሊያጥር፣ ሊሰፋና ሊጠብ ይችላል። ይህች አጭር ርቀት የተመረጠችው በምክንያት ነው። ሞተሩ፣ መሪው፣ ፍሬኑ፣ ማቀዝቀዣው፣ የግጭት መከላከያው፣ ማለትም ለምሕንድስና እጅግ ብዙ ገንዘብ የሚበላው ሁሉ፣ እዚያ ተጨናንቆ ይገኛል። እሱን አንድ ጊዜ በደንብ የሠራ ድርጅት ጎልፍንም አውዲ ኤ3ንም ከዚያው ያወጣል።

የመጋራቱ ምክንያት ገንዘብ ነው። አዲስ መሠረት ለመንደፍ፣ ለመፈተሽ፣ በግጭት ሙከራ ለማሳለፍና ብረቱን የሚያትሙትን ስታምፓዎች ለማሠራት የሚወጣው ወጪ መቶ መኪና ቢሸጥም ሚሊዮን ቢሸጥም ያው ነው። ቤንትሌይ በቅርብ ዓመታት በዓመት የሸጠው ከአሥር ሺህ እስከ አሥራ አምስት ሺህ አካባቢ መኪና ነው። የእናት ቡድኑ የቮልስዋገን ሽያጭ ደግሞ በሚሊዮኖች ይቆጠራል። ትንሹ ከትልቁ መሠረት ባይካፈል ወይ ዋጋው ከዛሬው እጅግ ይንራል፣ ወይ ድርጅቱ ይዘጋል። በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን ብቻቸውን ለመቆም የሞከሩ ትንንሽ የቅንጦት መኪና አምራቾች አብዛኞቹ ከስረዋል፣ ወይም በትልልቆቹ ተገዝተዋል።

ሳንቃ በር ላይ የሚታየው ቤተሰብ

ከደባርቅ ወደ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የሚያስገባው ፒስታ መንገድ ቡይት ራስን አልፎ ሳንቃ በር ይደርሳል። ሳንቃ በር ከባሕር ወለል በላይ 3,250 ሜትር ላይ ነው። መንገዱ ከዚያ ወደ ጨነቅ፣ በቧሂት ጫፍ በኩል ደግሞ ከ4,000 ሜትር በላይ ወጥቶ ወደ ጃናሞራ ይዘልቃል። ፓርኩ በ1978 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ከመጀመሪያዎቹ አሥራ ሁለት ቅርሶች አንዱ ነበር፤ ዋልያና ጭላዳ ለማየት የሚመጣው እንግዳ ይህን ኮረኮንች የሚወጣው ብዙውን ጊዜ በቶዮታ ነው። የቆየው ሃርድቶፕ ላንድክሩዘር አለ፣ ፕራዶ አለ፣ ለባለሥልጣንና ለትልልቅ ድርጅቶች የሚመደበው ቪ8 አለ። የጃናሞራ ሰው ደግሞ እህሉንና ራሱን በአይሱዙ ያጓጉዛል።

ከእነዚህ ቶዮታዎች መካከል ሁለቱ ሌላ ስም ያለው ወንድም አላቸው። ፕራዶ ሌክሰስ ጂኤክስ ይሆናል፤ ትልቁ ላንድክሩዘር ሌክሰስ ኤልኤክስ ይሆናል። ሃርድቶፑ ብቻ የቅንጦት ወንድም የለውም፤ ከ1984 ጀምሮ ሲሠራ የቆየው ለሥራ ነው።

ሌክሰስ የተወለደበት መንገድ ለርዕሰ ጉዳያችን ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የማይገኝለት ነው። ቶዮታ በ1989 በአሜሪካ ይህን አዲስ ስም ሲያቋቁም ሁለት መኪኖች ይዞ ቀረበ። ኤልኤስ 400 ከባዶ ወረቀት የተነደፈ፣ ከቀደሙት የቶዮታ መኪኖች ጋር መሠረት የማይጋራ፣ ጀርመኖቹን ያስደነገጠ መኪና ነበር። ከጎኑ የቆመው ኢኤስ 250 ግን ካምሪ ነበር፤ ጥሩ ቆዳ የለበሰ፣ ድምፁ የታፈነ ካምሪ። ማሳያ ክፍሉ ሁለት መኪና ሳይጎድለው እንዲከፈት ቸኩለው ያቀረቡት ነው ማለት ይቻላል። ገዢዎች ልዩነቱን አላጡትም። ቶዮታ በ1991 ኢኤስ 300 ብሎ በራሱ ቦዲ፣ በተሻለ ጥንቃቄ እንደገና ሠራው፤ መሠረቱ አሁንም የካምሪ ዘመድ ነበር፣ ግን በዚህ ጊዜ ሰው ወደደው፤ የሌክሰስ ዋና ሽያጭ ከሚያመጡት አንዱም ሆነ። የካምሪ ዝምድናው አልተለወጠም፤ የተለወጠው ከመሠረቱ በላይ የተደከመበት ሥራ ነው።

ትልቁ ኤልኤክስ የመጣው በ1996 ነው። የመጀመሪያው ኤልኤክስ 450 ከ80 ተከታታዩ ላንድክሩዘር ያለው ልዩነት በጣም ጥቂት ነበር፦ የፊቱ ፍርግርግ፣ ወንበሩ፣ ለስለስ ያለው አሞርዛተር። ከዚያ ወዲህ ላንድክሩዘር በታደሰ ቁጥር ኤልኤክስም አብሮ ታድሷል፤ 100 ሲመጣ ኤልኤክስ 470፣ 200 ሲመጣ ኤልኤክስ 570፣ በ2021 ደግሞ 300 ሲመጣ ኤልኤክስ 600 ተከተለ። በእያንዳንዱ ትውልድ የሌክሰሱ ድርሻ እየጨመረ ሄዷል። ከፍታውን በራሱ ዝቅና ከፍ የሚያደርግ የፈሳሽና የጋዝ ሳስፔንሽን፣ የተሻለ የድምፅ መከላከያ፣ የተለየ የውስጥ ክፍል ተሰጥቶታል። ገንዘቡ የሚሄደው ወደዚያ ነው።

እንግዲህ ሁለቱን ወንድማማቾች በሐሳብ ደባርቅ ላይ እናሰልፋቸውና ወደ ሳንቃ በር እንላካቸው። እዚህ ላይ የተራራው ሳይንስ ይገባል። በሳንቃ በር ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ብቻ ነው። ሞተር ነዳጅ የሚያቃጥለው በአየር ስለሆነ አየሩ ሲሳሳ ጉልበቱም ይሳሳል፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከኃይሉ ሲሶ ገደማ ያጣል። ቱርቦ ያለው ግን የሳሳውን አየር ጨምቆ ወደ ሲሊንደሩ ስለሚያስገባ ጉዳቱ በጣም ይቀንስለታል። ኤልኤክስ 570 ቱርቦ የሌለው 5.7 ሊትር የቤንዚን ሞተር አለው። በአገራችን ቪ8 የምንለው ላንድክሩዘር 200 ብዙ ጊዜ የሚመጣው ባለ ሁለት ቱርቦ 4.5 ሊትር ናፍጣ ይዞ ነው። በወረቀት ላይ የፈረስ ጉልበቱ የሚበልጠው ሌክሰሱ ነው። በሳንቃ በር ዳገት ላይ ግን ርካሹ ወንድም ይሻላል፤ ተራራው ዓርማ አይቶ ኃይል አይመልስም። የሌክሰሱ ውስብስብ ሳስፔንሽን ደግሞ ለአስፋልት ምቾት የሚሰጥ ቢሆንም እዚህ መንገድ ላይ ቢበላሽ ደባርቅ ውስጥ መለዋወጫውን ማግኘት ከባድ ነው። የላንድክሩዘር ሞላ ግን ከብዙ ጋራዥ ይገኛል።

ይህን ስል ሌክሰስ ገንዘቡ አይገባውም ማለቴ አይደለም። ለሌላ ኑሮ የተሠራ ነው። ገዢው ሊጠይቅ የሚገባው የተጨመረው ነገር እኔ ለምሄድበት መንገድ ይጠቅማል ወይ ብሎ ነው።

ቮልስ፣ ፖርሽና ቤንትሌይ

መሠረት መጋራት የዛሬ ዘመን የሒሳብ ባለሙያዎች ፈጠራ የሚመስለው አለ። አይደለም። የፖርሽ ስም የተሸከመው የመጀመሪያው መኪና 356 በ1948 ሲወለድ ሞተሩም ብዙው ዕቃውም እኛ ቮልስ የምንላት የትንሿ ቮልስዋገን ነበር። የዓለም ዝነኛ የስፖርት መኪና ዘር ግንዱ ከሕዝብ መኪና ነው፤ ማንም በዚህ ፖርሽን አያሳንስም፤ ምክንያቱም በላዩ የተጨመረው ጥበብ እውነተኛ ነበርና። ቮልስ በኛም አገር ታሪክ ያላት መኪና ናት። በመስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ከቤተ መንግሥት ያወጣቸው በቮልስዋገን ነበር። በዕለቱ ንጉሠ ነገሥቱን ለማዋረድ ከተነገረው ቃል ይልቅ ያቺ ትንሽ መኪና ብዙ ተናግራለች። መኪና በሰው ዓይን ውስጥ ከብረት በላይ መሆኑን ለሚጠራጠር ይህ ይበቃዋል።

የምርት ስም የሚባለው ነገር እሱ ነው፤ ዓርማው ከመታየቱ ጋር በሰው ልብ ውስጥ የሚነሳው ግምት ሁሉ። ቪ8 ሲያልፍ ሥልጣን የሚታሰበን፣ ቪትዝ በስንት ዓመቷ ዋጋዋን ይዛ የምትሸጠው በዚህ ግምት ምክንያት ነው። ግምቱ የሚገነባው በብዙ አሥርት ዓመታት ሲሆን የሚፈርሰው ግን በአንድ የተሳሳተ መኪና ሊሆን ይችላል።

የሮልስ ሮይስና የቤንትሌይ ታሪክ ይህን ያሳያል። ሮልስ ሮይስ ቤንትሌይን በ1931 ከገዛ በኋላ የሁለቱ መኪኖች ልዩነት እየጠበበ ሄዶ በ1955 የወጡት የሮልሱ ሲልቨር ክላውድና የቤንትሌዩ ኤስ1 በዋናነት በፊት ፍርግርጋቸው ብቻ የሚለያዩ ሆኑ። ከ1965 ወዲህ በሲልቨር ሻዶውና በቤንትሌይ ቲ ዘመን ደግሞ ቤንትሌይ የራሱ ማንነት ጠፍቶ የሮልስ ጥላ ሆነ፤ ገዢውም ከጥቂቶች በቀር ወደ ሮልሱ ሄደ። አንድ ዓይነት ሁለት መኪና አጠገብ ለአጠገብ ቢቀርብለት ሰው የሚመርጠው ትልቁን ስም ነው።

በ1998 የሁለቱ ዕጣ ተለያየ። ቮልስዋገን ፋብሪካውንና ቤንትሌይን ገዛ፤ የሮልስ ሮይስን ስም ግን ቢኤምደብሊው አገኘ፤ ከ2003 መግቢያ ጀምሮም ሮልስን በአዲስ ፋብሪካ መሥራት ጀመረ። ቤንትሌይ በቮልስዋገን እጅ ያደረገው ነገር የዚህ ዘርፍ ባለሙያዎች እስከ ዛሬ የሚያስተምሩበት ነው።

ቮልስዋገን በ2002 ፌተን የተባለ እጅግ የተራቀቀ ትልቅ መኪና አወጣ። ድሬዝደን ውስጥ ግድግዳው መስተዋት የሆነ ፋብሪካ ተሠራለት፤ አሥራ ሁለት ሲሊንደር ሞተርም ቀረበለት። መኪናው በምሕንድስና ከመርሴዲስና ከቢኤምደብሊው የሚተናነስ አልነበረም። ግን ፊቱ ላይ የነበረው ዓርማ የጎልፍና የቮልስ ዓርማ ነበር፤ ያን ያህል ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ያን ዓርማ አልፈለገም። አሜሪካ ውስጥ በ2006 ሽያጩ ቆመ፤ ምርቱም በ2016 አበቃ። በ2003 ግን ከዚያው መሠረት ላይ፣ ቱርቦ ከተጨመረበት የዚያው ሞተር ቤተሰብ ጋር፣ ቤንትሌይ ኮንቲነንታል ጂቲ ወጣ። ባለ ሁለት በር፣ ሰፊ ትከሻ፣ ውስጡ በእጅ በተሠራ እንጨትና ቆዳ የተሸፈነ። ቤንትሌይን ከአነስተኛ የዓመት ሽያጭ ወደ ብዙ ሺዎች ያሸጋገረው ይህ መኪና ነው።

ብዙ ሰው ከዚህ ታሪክ የሚወስደው ስም ሁሉን ያደርጋል የሚለውን ነው። እኔ አልስማማም። ቤንትሌይ የፌተንን ዓርማ ብቻ ቀይሮ ቢሸጥ ኖሮ የሲልቨር ሻዶው ዘመን ስሕተት ይደገም ነበር። ቅርጹን፣ ስሜቱን፣ የውስጥ ሥራውን፣ የሞተሩን ባሕርይ ለውጦታል። ከሥሩ የተጋራው ገዢው በዓይኑ የማያየውንና በእጁ የማይዳስሰውን ነው፤ የሚያየውንና የሚዳስሰውን በሙሉ የራሱ አድርጓል። የጋራ መሠረት ሥራ ብልሃቱ ይህ ነው።

ሮልስ ሮይስ ደግሞ ሌላውን መንገድ መረጠ። በ2009 የወጣው ጎስት ከቢኤምደብሊው 7 ተከታታይ ጋር ከፊል ዕቃ ይጋራ ነበር። በ2017 በአዲሱ ፋንተም የጀመረው ግን ለሮልስ ብቻ የተሠራ የአሉሚኒየም መሠረት ነው፤ ከልሊናንና አዲሱ ጎስትም ከዚያው ወጡ። የሮልስ ገዢ ከማንም ጋር ላለመጋራት ሊከፍል የተዘጋጀ ነውና ውሳኔው ለእነሱ ያዋጣል። ሞተሩ ግን ዛሬም የቢኤምደብሊው ቤተሰብ ነው።

ስሙ ሊሸከመው ያልቻለው

ካዲላክ በአሜሪካ የከፍተኛ ኑሮ ምልክት በነበረበት ዘመን፣ በ1982 ሲማሮን የተባለ ትንሽ መኪና አቀረበ። መሠረቱ የሼቭሮሌ ካቫሊየር ነበር፤ ቦዲውም በግልጽ የካቫሊየር ነበር፤ መጀመሪያ ላይ የተገጠመለት ሞተር 1.8 ሊትር ባለ አራት ሲሊንደር፣ 88 የፈረስ ጉልበት ያለው። ዋጋው ግን የካዲላክ። በ1988 ተቋረጠ። ካዲላክ ከዚያ በኋላ ለረጅም ዓመታት ወጣት ገዢዎችን ለማሳመን ተቸግሯል። አስተን ማርቲንም በ2011 የቶዮታን ትንሽ አይኪው ወስዶ ሲግኔት ብሎ ከእጥፍ በሚበልጥ ዋጋ ሸጠ፤ ዋናው ምክንያቱ የአውሮፓን የጭስ ሕግ አማካይ ለማሟላት ነበር፤ ጥቂት መቶዎች ተሸጦ በ2013 ቆመ።

ለደባርቅ ሰው ይበልጥ የሚቀርበው የመርሴዲስ ፒካፕ ነው። መርሴዲስ በ2017 ኤክስ ክላስ ብሎ ያወጣው ፒካፕ የኒሳን ናቫራ ነበር፤ የሚሠራውም ባርሴሎና ባለው የኒሳን ፋብሪካ ነው። ፒካፕ የሚገዛ ሰው ለጭነት፣ ለገጠር መንገድና ለዘላቂነት ይገዛል፤ በእነዚህ ሁሉ ናቫራው ያንኑ ያደርጋል፣ በርካሽ። መርሴዲሱ በ2020 ተቋረጠ። መርሴዲስ ፒካፕ መሥራት ስለማይችል አይደለም የወደቀው፤ የጨመረው ነገር ፒካፕ ገዢ ከሚፈልገው ጋር ስላልተገናኘ ነው።

አባይና ተከዜ በመኪና ላይ

በአገራችንም ይህ ታሪክ ተሞክሯል፤ ያውም በወንዞቻችን ስም። በ2005 የተቋቋመው የኢትዮጵያና የኔዘርላንድስ ሽርክና ሆላንድ ካር መጀመሪያ ዶክ የተባለች መኪና ገጣጠመ፤ ዘር ግንዷ ወደ ጣሊያኑ ፊያት 131 የሚመዘዝ ነው። ቀጥሎ አባይ መጣች፤ የቻይናው ሊፋን 520 ናት። በኋላ ደግሞ ከቻይናው ጃክ መሠረት ላይ አዋሽና ተከዜ የተባሉ መኪኖች ወጡ። ከደባርቅ ሊማሊሞን ወርዶ አዲ አርቃይን የሚያልፈው መንገድ የሚሻገረው ተከዜ ወንዝ በዚህ መንገድ የመኪና ስም ሆነ።

ሐሳቡን አከብረዋለሁ። የሰው አገር መሠረት ወስዶ በራስ ስም መነሳት አሳፋሪ አይደለም፤ ኮሪያና ቻይናም የጀመሩት እንዲሁ ነው። የሀዩንዳይ የመጀመሪያ ሥራ በ1960ዎቹ መጨረሻ የፎርድ ኮርቲናን መገጣጠም ነበር፤ ዛሬ ጀነሲስ የሚል የቅንጦት ስም አለው። የሆላንድ ካር ጉድለት በስሙና በመሠረቱ መካከል የሚጨመረው ነገር ገና ያልደረሰ መሆኑ ነው። የራሱ ሳስፔንሽን፣ የራሱ ቦዲ፣ በአገሩ መንገድ ላይ የተፈተሸ ማሻሻያ ገና አልተሠራም ነበር። ድርጅቱ በ2013 ከሰረ። መኪኖቹ ግን በባለቤቶቻቸው እጅ ቀሩ፤ አባይ ያለው ሰው ፍሬን ሸራ ሲያልቅበት አባይ ብሎ ቢጠይቅ ማን ያገኝለታል? ሊፋን 520 ብሎ የሚጠይቅ ግን ዕድሉ ሰፊ ነው።

ሞተሩ ሲወጣ

ኢትዮጵያ በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ወሰነች። ከዚያ ወዲህ በአዲስ አበባ ጎዳና የቮልስዋገን አይዲ4፣ የቢዋይዲና የሌሎች ቻይና ሠራሽ የኤሌክትሪክ መኪኖች በዝተዋል። በእነዚህ መኪኖች መጋራቱ ከቀድሞው ይበልጣል። የአይዲ4 መሠረት የአውዲ ኪው4 ኢ-ትሮንና የስኮዳ ኤንያክም ነው፤ ፎርድ ሳይቀር ለአውሮፓው ኤክስፕሎረር ከቮልስዋገን ገዝቶታል። የቶዮታ ቢዚ4ኤክስም ሱባሩ ሶልቴራ ሆኖ ይሸጣል፤ መሠረቱንም ከሌክሰስ አርዚ ጋር ይጋራል። በነዳጅ መኪኖችም ቢሆን ቶዮታና ሱዙኪ ለአፍሪካ ገበያ ተጋብተዋል፤ በቅርብ ዓመታት ስታርሌት ተብሎ የሚሸጠው ቶዮታ ሕንድ ውስጥ የሚሠራው ሱዙኪ ባሌኖ ነው።

ለሰሜን ተራሮች የኤሌክትሪክ መኪና አንድ መልካም ነገር አለው። ሞተሩ አየር ስለማይፈልግ ሳንቃ በር ላይ ከኃይሉ ምንም አይጎድልበትም፤ ቁልቁል ሲወርድም ባትሪውን በከፊል መልሶ ይሞላል፣ ፍሬኑም ብዙ አይግልም። ለቅንጦት ስሞች ግን ይህ ፈተና ነው። የቤንትሌይ አሥራ ሁለት ሲሊንደር፣ የፖርሽ የኋላ ሞተር፣ የመርሴዲስ ናፍጣ፣ እያንዳንዱ የራሱ ድምፅና ባሕርይ ነበረው። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን ከማንም ቢመጣ ስሜቱ ተቀራራቢ ነው። ስለዚህ ከአሁን በኋላ ስም የሚለየው በወንበሩ፣ በሳስፔንሽኑ፣ በሶፍትዌሩና በአገልግሎቱ ነው። በአገልግሎቱ የሚለው ለእኛ ከሁሉም ይበልጣል ብዬ አምናለሁ፤ ከደባርቅ እስከ አዲስ አበባ ያለው ርቀት የመለዋወጫ ርቀትም ነውና።

ለገዢ የሚሆን አንድ ተግባራዊ ነገር ልጨምር። ሊብሬው ላይ የተጻፈውን የሻንሲ ቁጥር ያንብቡት። አሥራ ሰባት ፊደልና አኃዝ ከሆነ የመጀመሪያው ፊደል መኪናው የት እንደተሠራ ይናገራል፤ ጄ ጃፓን፣ ደብሊው ጀርመን፣ ኤል ቻይና ነው። ከጃፓን የአገር ውስጥ ገበያ የመጣ ከሆነ ቁጥሩ አጭር ነው፤ የፊተኛው ክፍሉ የሞተሩና የመሠረቱ መለያ ነው። የቪትዝ ኤስሲፒ10 በአውሮፓው ያሪስም ላይ ይገኛል። የናፍጣው ቪ8 ቪዲጄ200 ሲሆን ኤልኤክስ 570 ዩአርጄ201 ነው፤ ወንድምነታቸው እዚያ ተጽፏል። መኪናዎ ወንድም እንዳለው ካወቁ በአንዱ ስም ያጡትን ዕቃ በሌላው ስም ያገኙታል፤ ምንም ሳይጨመርበት በውድ ስም ከቀረበልዎ መኪናም ይድናሉ።

የውጭ መኪና በአገር ስም ለሚገጣጥሙና ለሚያስመጡ ሁሉ ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። የፈለጋችሁትን የወንዝ፣ የተራራ ወይም የከተማ ስም ስጡት፤ ነገር ግን በመኪናው ሰሌዳና በመመሪያ መጽሐፉ ላይ የመሠረቱን እውነተኛ ስም በአማርኛ ጽፋችሁ አስቀምጡ፤ ድርጅታችሁ ነገ ቢዘጋ እንኳን የዳባት መካኒክ የትኛውን ዕቃ እንደሚያዝ እንዲያውቅ።